ከመቶ አርባ ሦስቱ አራቱ

ሃዲል ቡርሃንን የሚያውቅ የዐደኗ መንሱራ ሰፈር ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይነግራችኋል፤ ልጅቷ እዚህ የለችም። ደባብ ላይ ተሳፍራ (ዐደን ሚኒባሱን ደባብ ነው የሚለው) መውረጃዋን ሁለት ፌርማታ ታልፋለች። ስኳር ልትገዛ ሄዳ ባለሱቁ ምን ልስጥሽ ሲላት ትክ ብላ ታየዋለች። ድሬዳዋ ተወልደው በልጅነታቸው ከየመናዊ አባታቸው ጋር ዐደን የገቡት እናቷ ወይዘሮ ሳፊያ፣ "ይቺ ልጅ ልቧን ቤት ቆልፋበት ነው የምትወጣው" ይላሉ። የምሬት አይደለም። እንዲያውም ሲሉት ፈገግ ይላሉ።

የት ነው ያለችው ለሚል መልሱ ቀላል ነው። ዛፍ ላይ ናት።

ሃዲል ፕሮግራመር ናት። ኮምፒውተር ላይ የምታዩት ገጽ ሁሉ ከጀርባው ዛፍ ነው፤ ሥሩ ወደ ላይ፣ ቅርንጫፉ ወደ ታች። ትልቁ ሳጥን ወላጅ ይባላል፣ በውስጡ ያሉት ጽሑፍና ሥዕል ልጆቹ ናቸው፣ እነሱም በተራቸው ልጆች አሏቸው። ልጅ ከአንድ ወላጅ ሥር ካልገባ ስክሪን ላይ አይወጣም። ምንም ቢያምር፣ ምንም ቢደከምበት፣ እስኪገባ ድረስ የለም። ሁለት ወላጅም አይኖረውም፤ ወደ ሌላው ሲዛወር ከፊተኛው ይነቀላል። ሃዲል ቀኑን ሙሉ የምትሠራው እነዚህን ልጆች ማስገባት፣ ማስወጣትና ማሰለፍ ነው። ደሞዟን የሚከፍላት ባሕር ማዶ ያለ ምግብ አድራሽ ድርጅት ነው፤ ልጆቹም አብዛኛውን ጊዜ ሩዝና ዶሮ ናቸው። እሷ ግን ዓይኗን ስትጨፍን ሩዙም ዶሮውም ይጠፋና ዛፉ ብቻ ይቀራል። ከላይ ተንጠልጥሎ፣ ቅጠሎቹ በቀስታ እየበሩና እየጠፉ፣ ነፋስ ሳይኖር ይወዛወዛል። መብራት በሚጠፋበትና ጣሪያው ላይ ያለው ፋንካ በሚቆምበት የሙቀት ሰዓት ምንጣፍ ላይ ጋደም ብላ የምታየው እሱን ነው። ላብ በላብ ሆና ደስ ይላታል።

ከዛፎቿ ሁሉ የምትወደው ግን ማንም ያልከፈላት ነው።

ወይዘሮ ሳፊያ ዓርብ ዓርብ ምግብ ቋጥረው ወደ አል-ዐሪሽ የመሄድ ልማድ አላቸው። እዚያ ባሕሩ ዳር፣ በጀልባ ተሻግረው ወደ ሳዑዲ የሚያቀኑ የአገር ቤት ልጆች ሥራ እየለቃቀሙ ይሰነብታሉ። ልጆቹም እገሌ በዚህ አልፏል ወይ ብለው እሳቸውን ይጠይቃሉ። ወይዘሮ ሳፊያም የሚያልፈውን ሁሉ ስም በአሮጌ ካላንደር ጀርባ ይጽፉ ነበር። አንድ ቀን ካላንደሩ ላይ ሻይ ተደፋና ሠላሳ ሰው አብሮ ሄደ። ያን ዕለት ቤት ገብተው ሲያለቅሱ ያየችው ሃዲል በሁለት ሳምንት አንድ መተግበሪያ ሠራች። አንድ ታብሌት፣ ላዩ ላይ ረጅም ዝርዝር፤ በዝርዝሩ ሥር ለእያንዳንዱ መንገደኛ አንድ ካርድ። ካርዱ ስም፣ ቀን፣ በገዛ አፉ የተቀዳ ድምፅ አለው። ታብሌቱ የተቀመጠው አል-ዐሪሽ፣ የጀልባ ሞተር በሚጠግነው በኸይሩ ሱቅ ነው። የሚመዘግበውም ኸይሩ ራሱ ነው፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ በአንድ ጣቱ።

አሁን የአንድ ዓርብ ነገር እንንገራችሁ።

ያን ዓርብ ሃዲል እናቷ ጎትተው ስላመጧት ኸይሩ ሱቅ ደጃፍ ላፕቶፗን አቅፋ ተቀምጣለች። ባሕሩ ነጭ ሆኗል። ሞተሮቹ ዘይት ዘይት ይሸታሉ። ውስጥ፣ ከታብሌቱ ፊት፣ ጥላነሽ ቁጢጥ ብላለች።

ጥላነሽ የሐይቅ ሴት ናት፣ ወሎ። ተዋሂ ሰፈር አንድ ትንሽ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች። ዐደን የመጣችው ለሥራ ይሁን እንጂ የቆየችው ለታናሽ ወንድሟ ለአለባቸው ነው። ልጁ ከሁለት ዓመት በፊት በታመመ እግሩ እያነከሰ ከቤት ወጣ፣ በጀልባ ተሻገረ ተባለ፣ ከዚያ የውሃ ሽታ ሆነ። ማንበብ አትችልም። ስሙ ቢጻፍም አታገኘውም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ዓርብ መጥታ ካርዶቹን አንድ በአንድ እየነካች ድምፃቸውን ትሰማለች። የመቶ ምናምን የሰው ልጅ ድምፅ። ሰምታ ስትጨርስ ነጠላዋን ታስተካክልና ትሄዳለች።

ይህ ግን የመጨረሻዋ ዓርብ ነው። ነገ በአውሮፕላን ወደ አገሯ ትመለሳለች። እናቷ ልከውባታል። "አለ በዪኝ፣ ወይም እርሙን እናውጣ" ብለዋል። ነገ ጥላነሽ አለ ካላለች ድንኳን ይጣላል፣ ደረት ይመታል፣ አለባቸው ይሞታል። የዚህ ፍርድ ከእሷ አፍ ነው የሚወጣው።

"ሃዲልዬ" አለች ጥላነሽ ከውስጥ፣ በዝቅታ። "አንድ ነገር ልበልሽ፣ አትቆጭኝም?"

"በይ፣ በይ።"

"እላይ ያለው ቁጥር ስንት ነው የሚለው? አቶ ኸይሩ ሲያነቡት ሰምቻለሁ።"

"መቶ አርባ ሦስት።"

"እኔ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ነው የሰማሁት። ዛሬ ደግሜ ቆጠርኩ፣ በጠጠር። ያው ነው።"

ኸይሩ ከሞተሩ ሥር ቀና አለ። "ወላሂ እኔም ነግሬሽ ነበር፣ ያ ባሽሙሀንዲሳ፣ አንቺ መሐንዲስ! አልጎደለም ወይ ብዬ።"

"ነግረኸኛል፣ ዐሚ ኸይሩ" አለች ሃዲል፣ እንደ አጎት እየጠራችው። ነግሯታል፣ እውነት ነው። እሷም ጆሮ ዳባ ልበስ ብላለች። "ኮምፒውተር አይሳሳትም፣ ጥላነሽ። ስታንሸራትቺው ያለፈሽ ይሆናል" አለች በትሕትና፣ ትንሽም በኩራት።

ጥላነሽ አልተከራከረችም። ጠጠሮቿን ሰብስባ በመሐረቧ ቋጠረቻቸው። ወይዘሮ ሳፊያ ልጃቸውን አንድ ጊዜ አይተው ለጥላነሽ ውሃ ቀዱላት።

ሙቀቱ ከበደ። ሃዲል ራሷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ጭልጥ አለች። ዛፉ መጣ። ዛሬ ግን ሩቅ አልነበረም፣ ከባሕሩ ላይ እስከ አሸዋው ወርዷል፣ ከሥሩም የልጅነት ትምህርት ቤቷ ክፍል ነበረ። መምህርቷ ስም ትጠራለች። "ሃዲል ቡርሃን!" ሃዲል አቤት ልትል አፏን ስትከፍት ከኋላ ወንበር ሌላ ልጅ "አቤት!" አለች። መምህርቷ ምልክት አደረገችና አለፈች። ይህ በእርግጥ የሆነ ነገር ነው። አራተኛ ክፍል እያለች ስመ ሞክሼዋ ገብታ አንድ ወር ሙሉ ሁለቱም እንደ አንድ ተቆጥረዋል፤ ያልተጠራችው እሷ ነበረች። በሕልሟ ግን ወደ በሩ ዞራ ስታይ ደጅ የቆሙ አሉ። እግራቸው አሸዋ የለበሰ፣ ፊታቸው የማይታይ። አይገፉም፣ አያንኳኩም። ስማቸው ተጠርቶ ሌላ ሰው ስለገባበት ዝም ብለው ቆመዋል።

ብንን አለች። ላፕቶፑን ከፈተች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዝርዝሩን በስክሪኑ ላይ የሚስለው ፍሬምወርክ ከአንድ ወላጅ ሥር ያሉትን ልጆች የሚለያቸው በመለያ ነው። አዲስ ልጅ ሲገባ ሁሉንም በየመለያቸው ይጠራል፣ የተጠራው ይገባል። ሁለቱ አንድ ዓይነት መለያ ከያዙ የኋለኛውን ያስገባና የፊተኛውን ደጅ ይተወዋል። መዝገቡ ውስጥ አለ፣ ቁጥሩም ይቆጥረዋል፤ ስክሪኑ ላይ ግን የለም። ይህን ሃዲል ታውቃለች፣ ለጀማሪዎችም ታስተምራለች። ታዲያ ለመለያ ምን መረጠች? ስምና የአባት ስም። የመን ውስጥ ያደገ ሰው ነዋ! እዚህ ሰው ከነአባቱ ከነአያቱ ተጽፎ ነው ወረቀት የሚያገኘው፣ ከስም የበለጠ መለያ ማን ያስባል።

መንገደኞቹ ልጆች ግን በእናታቸው ቤት ስም አይጓዙም። ደላላው ገና ጀልባው ላይ ሳይወጡ ስም ያወጣላቸዋል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ለአፍ የሚቀለውን ይይዛል፤ የአባት ስም ሲባል አብደላ ይላል፣ አብደላ የማንም አባት ሊሆን ይችላልና።

ፍሬምወርኩ ይህን ሲያይ ዝም አላለም። በቢጫ መስመር ያስጠነቅቃል። ሃዲል ያንን ቢጫ መስመር አጥፍታው ነበር። በረመዳን፣ ከህረባው፣ የኤሌክትሪኩ መብራት፣ በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ በሚመጣበት ሰሞን፣ ዓይኗን ስላደከማት። አሁን መለሰችው። ስክሪኑ ላይ ቢጫው አንድ በአንድ ወረደ፤ አራት ጊዜ፣ አራቱም ስክሪኑ ላይ ከገባው ከአምስተኛው ጋር አንድ ስም።

ሙሐመድ አብደላ። ሙሐመድ አብደላ። ሙሐመድ አብደላ። ሙሐመድ አብደላ።

ሃዲል እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ እያንዳንዱ ካርድ ሲወለድ የራሱን ቁጥር እንዲይዝ አደረገች፣ ማንም ሰው የማይጠራው፣ ማንም የማይጋራው ቁጥር። የአንድ መስመር ሥራ ነው። ሻይ እስኪቀዘቅዝ አይፈጅም፣ እሱን ነው ያልሠራችው።

"ጥላነሽ" አለች። "ልክ ነሽ። አራት አሉ፣ ያልሰማሻቸው።"

ኸይሩ መፍቻውን አስቀመጠ። ወይዘሮ ሳፊያ "ቢስሚላህ" አሉ። ጥላነሽ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ የመጀመሪያውን ካርድ ነካች። የጅማ ልጅ ነበር፣ ሳል ያለበት። ሁለተኛው እየሳቀ ነው የሚያወራው። ሦስተኛውን ስትነካ መጀመሪያ የሞተር ድምፅ ብቻ ተሰማ፣ የዚሁ ሱቅ፤ ኸይሩ መቅጃውን ከፍቶ ወደ ሥራው ሲመለስ፣ የሚባለውን ሳይሰማ።

"ስሜ ሙሐመድ አብደላ ነው" አለ ልጁ። "የሐይቅ ልጅ ነኝ። እህቴ ዐደን አለች ይላሉ፣ ጥላ ትባላለች። ከተማው ሰፊ ነው፣ የት እንደምፈልጋት አላወቅኩም። ካገኛችኋት እግሩ ድኗል በሏት። ነገ ወደ ላይ፣ ወደ ሳዑዲ፣ ልንሄድ ነው።"

ካርዱ ላይ ያለው ቀን ከአምስት ወር በፊት ነው። እሑድ ተቀድቷል፤ ማክሰኞ ሌላ ሙሐመድ አብደላ መጥቶ ሸፈነው። ዓርብ ጥላነሽ እዚሁ ቁጢጥ ብላ፣ ከእሱ ድምፅ ላይ ተቀምጣ፣ የሌላውን ሁሉ ሰምታ ሄዳለች። ከዚያ በኋላም ሃያ ዓርብ።

ጥላነሽ አልጮኸችም። ደግማ ነካችው። ደግማ። በአራተኛው ጊዜ ጉልበቷን አቅፋ በፀጥታ ማልቀስ ጀመረች፣ ወይዘሮ ሳፊያም ትከሻዋን ይዘው አብረው አለቀሱ። ኸይሩ ወደ ባሕሩ ዞሮ "የስንቱን ፊት ልያዝ፣ ያ ረብ፣ በዚህ እጄ ጽፌው" ይላል። ሃዲል ብቻ እንባ አልመጣላትም።

"ይቅር በይኝ" አለች። "እዚህ ነበር። እኔ ነኝ ደጅ ያቆምኩት።"

ጥላነሽ ቀና ብላ አየቻት፣ ረዘም አድርጋ። "አዎ" አለች። ማስተባበል አልፈለገችም። ቆይታም፣ "ግን አለ። ከአምስት ወር በፊት አለ። እግሩም ድኗል" አለች።

ሃዲል ላፕቶፑን ወደ ጭኗ ሳበች። አንድ ነገር ማድረግ አለባት፣ እጇ የሚያውቀው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከልጁ ካርድ ሥር አዲስ ልጅ አስገባች፣ ባዶ፣ ድምፅ የሚቀዳ። "ተመልሶ ከመጣ፣ ወይም የሚያውቀው ሰው ካለፈ፣ ካርዱን ሲነካ የአንቺ ይከተላል" አለቻት። "ስሙንም ላስተካክለው? አለባቸው ብዬ ልጻፈው?"

ጥላነሽ አሰበች። "ተዪው" አለች። "ገና መንገድ ላይ ነው። ሙሐመድ ካሳለፈው ሙሐመድ ይሁን። ስሙን እቤቱ ሲገባ እንሰጠዋለን።"

ከዚያ ታብሌቱን በሁለት እጇ አንሥታ ወደ አፏ አስጠጋች። ኸይሩ ሞተሩን አጠፋ። ባሕሩ ብቻ ይሰማል።

"እኔ ጥላ ነኝ" አለች። "ነገ ወደ እማዬ ልሄድ ነው። ድምፅህን ሰምቻለሁ። እርምህን አናወጣም።"

ሃዲል የተቀዳውን አስቀመጠችው፣ ከአለባቸው ሥር። ከዚያም ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየነካች፣ በጥላነሽ ጠጠሮች፣ አንድ በአንድ ቆጠረች፤ መቶ አርባ ሦስት።