ጧት ጧት የምታንኳኳው መኪና

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ፣ እኔ ገና ጎረምሳ ሾፌር ሳለሁ፣ ሰቆጣ ውስጥ ነው። ዛሬ አርጅቼም ብርድ ላይ መኪና ሲነሳ ከሰማሁ ልቤ ድንግጥ ይላል። ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አሁን ጻፍኩት፣ ይውጣልኝ።

አለቃዬ ከደሴ ተሹመው የመጡ ወጣት ሹም ነበሩ። መኪናቸው ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ለሩጫ የተሠራች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ናት። እንኳን ለሰቆጣ ኮረኮንች ለደሴ አስፋልትም የምትቀብጥ! እሳቸው ግን ነፍሳቸው ናት። ከኮረም ሳመጣት ዳገት ላይ ውሃ ጨርሳ ጤሰችብኝ። ችኩል ነበርኩና በትኩሱ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልቼባት ዝም አልኩ።

ድምፁ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ውርጭ ባደረበት ጧት ስትነሳ ከውስጧ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል። ሲሞቃት ጸጥ። የካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። ከሁለተኛው ሲሊንደር ነው። የዚያን ካንዴላ ሽቦ ስነቅለው ማንኳኳቱ ቀነሰ። ጋራዥ ያደግሁ ሰው ነኝና ገባኝ፤ ያን ቀን በትኩሳቱና በቀዝቃዛው ውሃ ፒስቶኑ ተሰንጥቋል። ብናገር ደግሞ «ምን አድርገሃት ነው?» መባሌ ነው። ከሥራ መባረሬ ነው።

ስለዚህ ዘዴ ዘየድኩ። አለቃ ከመውጣቱ በፊት መኪና አሙቆ መጠበቅ የሾፌር ወግ አይደል? እኔም ጎህ ሲቀድ እየተነሳሁ አሞቃታለሁ። አለቃዬ ቁርሳቸውን በልተው ሲወጡ እሷ ጸጥ ብላ ትጠብቃቸዋለች። «አንተ እኮ ጎበዝ ነህ!» ይሉኛል። አንድም ቀን ያን ድምፅ አልሰሙም።

የሰሙት የአለቃዬ ግቢ በቅሎ ጠባቂ አባ ወልዱ ናቸው። አገራቸው ከሰቆጣ አለፍ ብሎ ያለው ደሃና ነው፤ አማርኛቸው ውስጥ የአፍ መፍቻቸው ኽምጣኛ ይደመጣል። አንድ ጧት ቆመው ሲያዳምጡ ቆዩና፣

«ልጄ፣ ይቺ አነከሰች» አሉኝ።

«ሲሞቃት ይተዋታል፣ አባባ።»

«ክፉው እሱ ነው። በቅሎ ጧት አንክሳ ሲሞቃት ከተዋት አጥንቷ ውስጥ ስንጥቅ አለ። ሰው አትጭንባት።»

«ብረት እኮ ነው!» ብዬ ሳቅሁባቸው። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ታኅሣሥ ላይ የአለቃዬ ሚስት መውለጃቸው ተቃረበ። አለቃዬም ደሴ ሆስፒታል ሊያደርሷቸው ተነሱ። ቦታው ለሁለት ነውና እኔ ቀረሁ። እንደ ልማዴ አሙቄ አቀረብኩ። እትዬ ሆዳቸውን ደግፈው ገቡና፣ «በል ደሳለኝ፣ በሰላም ያገናኘን» አሉኝ። ልናገር ፈለግሁ። ግን በሩን ዘጋሁላቸው።

አቧራው ሳይረጋ አባ ወልዱ አጠገቤ ቆሙ።

«ሴቲቱን ጫንክባት?»

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ ሁለት በቅሎ ጭነው «ና ውጣ» አሉኝ። መኪናዋ በዚያ ድንጋይ ላይ ከእግረኛ ብዙም አትፈጥንም፤ እኛ ደግሞ አቋራጩን ያዝን።

አንድ ዳገት ወገብ ላይ አገኘናቸው። ሞተሩ ቀጥ ብሏል። መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራታ አንድ ጎማዋ ገደሉ አፍ ላይ ተንጠልጥሏል። የያዛት አንድ ድንጋይ ነው። አለቃዬ ውጭ ሆነው ይጮኻሉ፤ እትዬ ምጥ ይዟቸው ውስጥ ናቸው፣ መንቀሳቀስም ፈርተዋል።

አባ ወልዱ በበቅሎ ጭነት ጠፍር መኪናዋን ከፊት አስረው ዛፍ ላይ ጠመጠሙት። እኔ በደረቴ ተስቤ ገባሁና እትዬን ጎትቼ አወጣኋቸው። ጥቂት እንደራቅን ድንጋዩ ተፈነቀለ። ጠፍሩ ተበጠሰ፣ ያቺ ቀይ መኪና ቁልቁል ሄደች። ወይኔ! እስክታርፍ ድረስ የቆየው ጊዜ አሁንም ይታወሰኛል።

እትዬን በበቅሎ አቅራቢያው ካለ ገበሬ ቤት አደረስናቸው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንድ ልጅ ወለዱ። አለቃዬ እያለቀሱ አንገቴን አቀፉኝ።

«አንተ ባትደርስልን ምን ይውጠን ነበር? ልጄ ስሙ ደሳለኝ ነው!»

አባ ወልዱ ዓይን ዓይኔን አዩኝ፤ እንድናገር ጠበቁ። እኔ አቀረቀርኩ። ፊታቸውን አዙረው ኮርቻ ይፈቱ ጀመር። እስኪሞቱም ምስጢሬን አላወጡም።

ያ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው። በየበዓሉ ከነልጆቹ ይመጣና «ሞክሼ፣ እንዴት ሰነበቱ?» ብሎ ጉልበቴን ይስማል። እኔ ያኔ አባቱ በስሜ ሲሰይሙት አፈርኩ፤ እስከ ዛሬም እንዳፈርኩ ነው። ፊት ለፊት ልነግረው ስንቴ ተነስቼ ስንቴ ተቀመጥኩ።

ይህን ጽሑፍ ሲያነብ ያውቃል። ለሚመጣው ፋሲካ በሬን ከፍቼ እጠብቀዋለሁ፤ ከመጣ።