እርጥብ አሸዋ ውስጥ የቆየው መድኃኒት

በጦርነቱ ጊዜ ወልድያ መብራት ከጠፋ በኋላ ያሉትን ወራት ሳስባቸው ጉም የለበሱ ይመስለኛል። ስልክ የለም፤ የባጃጅ ድምፅ የለም። ከተማዋ በጠራራ ፀሐይ የተኛች ትመስል ነበር። እኔና አባቴ ብቻችንን ነበርን። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ስኳር ስላለበት ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋል። ፋርማሲዎቹ ባዶ በመሆናቸው በመጨረሻዋ ብልቃጥ ላይ መጠኑን በግማሽ ቀንሰን እንኳ ማለቋ አልቀረም።

አንድ ጁምዓ ከመስጊድ ሲመለስ፣ መርሳ ውስጥ ኢንሱሊን ያለው አንድ የስኳር ታማሚ እንዳለ ከመንገደኛ መስማቱን ነገረኝ። ቤቱ ከገበያው በላይ፣ ፓፓያ የበዛበት ግቢ ነው አለኝ። በማግስቱ በእግራችን ወጣን።

መንገዱን እንደ ሕልም ነው የማስታውሰው። አስፋልቱ ላይ መኪና አያልፍም። ግራና ቀኝ ማሽላው ደርሷል፤ የሚያጭደው ግን የለም፤ ወፎቹ ማንም ሳይከለክላቸው ይበሉታል። አባቴ ጥላ ባገኘ ቁጥር እየተቀመጠ አላህን በማውሳት ከንፈሩን በዚክር ያንቀሳቅሳል። ሲሪንቃ ላይ የማናውቃቸው ሰዎች አሳደሩን። በማግስቱ ጥላ ሥር ዐረፍ ብለን መድኃኒቱ ባይኖርስ አልኩት።

«መድኃኒቱ ባይኖርም አላህ አለ» አለኝና ተነሥቶ መራመድ ጀመረ።

መርሳ ደርሰን ግቢውን ስናገኝ ጥቁር የለበሰች፣ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች ሴት ከፈተችልን። ታማሚው ባለቤቷ ነበር፤ ልቡ ደክሞ ካረፈ ሁለት ሳምንቱ ነው። አባቴ የመጣበትን ነገር ትቶ ቁጭ ብሎ አጽናናት። ስለ መድኃኒቱ ትንፍሽ አላለም። 

ውኃ ለመነ። ጠጣ፤ ደገመ፤ ሦስተኛም ለመነ። ሴትዮዋ ጣሳውን እንደያዘች ፊቱን ትኩር ብላ አየችው።

«ስኳር አለብዎት?» አለችው።

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እሷ ወደ ጓዳ ገብታ እርጥብ አሸዋ የተሞላ ማሰሮ ይዛ ወጣች። አሸዋው ውስጥ በፌስታል የተጠቀለሉ ብልቃጦች ነበሩ። መብራት ከጠፋ ጀምሮ መድኃኒቱን በዚህ ስታቀዘቅዝ ቆይታለች፤ ባሏ ከሞተም በኋላ በየጠዋቱ አሸዋውን ውኃ ማጠጣቷን አልተወችም።

«ለማን እንደማቆየው አላውቅም ነበር» አለች። «እጄ አልተው አለኝ እንጂ።»

አባቴ ሲያለቅስ ያን ቀን ነው ያየሁት።

መንገዱ ለመኪና እስኪከፈት ግቢዋ ውስጥ በነበረች አንዲት ክፍል አስቀመጠችን። አባቴ የሷንም የጎረቤቶቿንም ልብስ በእጁ ይጠግናል፤ እኔ ፓፓያውን አጠጣለሁ። አንድ ቀን ጥላው ሥር ተቀምጠን ሳለ በውስጤ ያደረውን ጠየቅኋት። እግዚአብሔር ለኛ መድኃኒት ሲያቆይ የሷን ባል መውሰዱ አያሳዝናትም ወይ አልኳት።

«ይህን እኔም እጠይቀዋለሁ» አለች። «ግን አሸዋውን ሳጠጣ ብቻዬን እንዳልነበርኩ አውቃለሁ።»

ብልቃጦቹ ሊያልቁ ሲሉ መንገዱ ተከፈተ፤ መድኃኒትም ገባ። አባቴ አለ፤ ዛሬም ይሰፋል። እኔ ያን ጥያቄዬን ዛሬም እጠይቃለሁ። እሱ ግን ለዱዓ እጁን ባነሣ ቁጥር፣ በሕይወት ሳለ አግኝቶት የማያውቀውን ያን የመርሳውን ክርስቲያን ሰው በስሙ እየጠራ ምሕረት ይለምንለታል።