ያልተቆረጠችው ክር

ባሌን ሸድሊን ሌላ ሴት ወስዳብኝ ነው ዕድሜዬን የኖርኩት። ኧረ እንዳትስቁ! ሴትየዋን አንድም ቀን በዓይኑ አላያትም። እሱ ቱኒስ ገበያ ውስጥ ቀይ ቆብ ይሠራል፤ እሷ፣ ለላ መኑቢያ፣ አርያና በምትባል ጎረቤት ከተማ ቤቷ ቁጭ ብላ ነጩን የሱፍ ቆብ በሹራብ መርፌ ትሠራለታለች። ሱፉ በወንድሟ እጅ ይሄዳል፣ ቆቡ በወንድሟ እጅ ይመጣል። ከዚያ እሱ በውሃ አስመትቶ ያጠብቀዋል፣ ቀይ ቀለም ያስነክረዋል።

ለላ መኑቢያ የቆቡ አናት ላይ የመጨረሻዋን ክር አትቆርጣትም። ጣት የምታህል አንጠልጥላ ትልካለች፤ የሚቆርጣት እሱ ነው። ሥራው የሁለታችን ነው እንደማለት ነው ነገሩ። መቀሱን ሲያነሳ ፊቱ ሲበራ አይና፣ «ለእኔ እንዲህ ፈገግ ብለህ ታውቃለህ?» እለዋለሁ።

«አንቺ መቼ ቆብ ሠርተሽልኝ!» ይለኛል።

ከዚያ ያ የተረገመ ዓመት መጣ። አንድ ነጋዴ የማሽን ቆብ በርካሽ አቀረበለትና ሸድሊም ገዛ። ለላ መኑቢያን ሳይነግራት ሱፍ መላኩን ዝም ብሎ አቆመ። የማሽኑ ቆብ ግን ውሃ ሲነካው ተጣመመ፤ ደንበኛም ፊቱን አዞረ። ሸድሊ አንገቱን ደፍቶ እንደገና ሱፍ ላከላት። ቆቦቹ እንደ ድሮው አምረው መጡ። ክሯ ግን ከሥሯ ተቆርጣ ነበር።

ሰውዬው እህል አልበላ አለ። እያንዳንዱን ቆብ እያገላበጠ አናቱን ይዳብሳል።

«ቆቡ ደህና ነው፤ ምን ጎደለህ?» አልኩት።

«እሷ ጎደለችኝ» አለኝ።

ሰው ለሚስቱ እንዲህ ይላል? ቢሆንም አንጀቴን በላው።

«ታዲያ ሂድና ይቅርታ ጠይቃት!»

«በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

እኔው ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ዓይኗ የደከመ፣ ደቃቃ ሴት ናት። የሸድሊ ሚስት መሆኔን ስነግራት እጄን ይዛ አስገባችኝ።

«ማሽን መግዛቱ አይደለም የከፋኝ፣ እህቴ» አለች። «ያን ክረምት በሩ በተንኳኳ ቁጥር ሱፉ መጣ ብዬ እነሳ ነበር። ዘንድሮ አልልክም ማለት እንዴት ያቅተዋል?»

ሁለታችንም አለቀስን። ስወጣ፣ «አንድ ልሥራለት፤ ዓይኔ ከዚያ በላይ እንጃ» አለችኝ።

ቆቡ መጣ። ክሯም አናቱ ላይ ተንጠልጥላለች። ሸድሊ መቀሱን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። ነጩን ቆብ በቀዮቹ መሃል ምስማር ላይ ሰቀለው፤ ገዢ ሲጠይቀው አልሰማም ይላል።

ባለፈው ክረምት ለላ መኑቢያ አረፈች። ከለቅሶ ስንመለስ በቀጥታ ሱቅ ገብቶ ቆቡ ሥር ቆመ።

«አሁንስ ቁረጣትና ይውጣልህ» አልኩት።

«ተይ እንጂ!» አለኝ። «ገና መቼ ጨረስን?»

ሲወጣ ጠብቄ መቀሱን ደበቅኩት።