ያልተቆረጠው ኪልት

ዛሬ አንድ ተማሪዬ ዝናብ ያራሰው ኪልት ለብሶ ክፍል ገባ። ኪልት የስኮትላንድ ወንዶች ለክብር ቀን የሚታጠቁት ሽንሽን ልብስ ነው። የእርጥብ ሱፉ ሽታ በማስኬ አልፎ እማዬ ከሥራ መልስ ቤት ውስጥ የሰው ልብስ ወደምታስተካክልበት ስፌት መኪና መለሰኝ።

ከዓመታት በፊት አንድ ቀን፣ ግሮቭፖርት ከተማ ካለው የዕቃ መጋዘን ሥራዋ ደክማ እንደገባች፣ በሽታ ያከሳቸው አንድ ሽማግሌ ለልጃቸው ሰርግ የሚለብሱትን፣ ዝናብ የነካውን ኪልት እንደገና ሊያስጠብቡ መጡ።

"ትርፉን ቁረጪውና እንገላገል" አልኳት።

"አይቆረጥም! ሲወፍሩ ምን ሊለብሱ ነው?" ብላ ዘለበቱን ብቻ ነቅላ ገባ አድርጋ ሰፋችው።

"ምን አለች?" አሉኝ ሰውዬው በእንግሊዝኛ።

ተረጎምኩላቸው። ከት ብለው ሳቁ፤ ከዚያ መስተዋቱን አዩ።

አሁን ለእማዬ ደወልኩና ሽማግሌው ለልጃቸው ሰርግ ደርሰው እንደሆነ ጠየቅኳት።

"እኔ ምን አውቃለሁ? ለማጥበብም ለማስፋትም ተመልሰው አልመጡም። በል ልተኛ ልጄ፣ ደክሞኛል።"