የቡሬዋ ሴትዮ ጣሳ

ባለፈው ሰሞን ለዘመድ ሠርግ ወደ ፍኖተ ሰላም ስንሄድ፣ ከመንገድ ዳር ካለች አንዲት ጎጆ ደጃፍ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ አየሁ። አብረውኝ የነበሩት ልጆች ምልክቱን አያውቁትም። "እዚህ ቤት ጠላ አለ ማለት ነው" ብቻ አልኋቸው። የቀረውን ለአንቺ ልንገርሽ።

ስድሳዎቹ መግቢያ ላይ ነው፤ እኔ ዐሥራ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። እናቴ ከከተማችን ገበያ በላይ ጠላ ትሸጣለች። ጠዋት ጣሳው ይሰቀላል፣ ጠላው ሲያልቅ ይወርዳል፤ በዚያ እንኖር ነበር። አንድ ጥቅምት ላይ ከቡሬ የመጣች ሴትዮ ፊት ለፊታችን ያለውን ቤት ተከራይታ የራሷን ጣሳ ሰቀለች። ባል የላትም። አንድ ልጇ ቅኔ ሊማር ወደ ሰከላ ከወጣ ሁለት ክረምት አልፎታል፤ ደኅንነቱን የሚነግራት ሰው አላገኘችም።

ጋኗን በወይራ ስታጥን ሽታው መንገዱን ተሻግሮ እኛ ቤት ይገባል። እናቴ ተነሥታ በሩን ትዘጋዋለች። ሴትዮዋ ለመጣው ገበሬ ሁሉ የበሬውን ጤና ሳይቀር ትጠይቃለች፣ የተቆላ ባቄላ በእፍኝ ታቀርባለች። ወር ሳይሞላ የእኛ መደብ ባዶውን ይውል ጀመር። "ጠላዋስ ውሃ ነው፤ የሚያሰክራቸው ምላሷ ነው" ትል ነበር እናቴ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "አንቺ ደግሞ ጌሾ እንኳ በወጉ አትወቅጪ!" ትለኛለች።

አንድ ቀን ሴትዮዋ ጠርታኝ፣ "ነይ ቅመሽልኝማ የኔ ዓለም" ብላ በጣሳ ሰጠችኝ። ውሃ አልነበረም። ከእኛ ይጥም ነበር፣ በጣም ይጥም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳቋን በሰማሁ ቁጥር እንደ እናቴ በሩን እዘጋለሁ። ቀናሁ፤ ምን አድበሰብሰዋለሁ፣ ዓይኔ ደም ለበሰ።

አንድ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ፣ ሴትዮዋ ማታውኑ ሰቅላው ያደረችውን ጣሳ ከነዘንጉ ነቅዬ አጥሯ ሥር ጣልሁት። ገበያተኛው "የቡሬዋ ጠላ አልቋል" ብሎ እኛ ቤት እንዲገባ ነበር ሐሳቤ።

ለካ ትልቁን ነገር ረስቼዋለሁ። በገበያ ቀን፣ ያውም በማለዳ፣ ጠላው ያለቀበት ቤት ማን አይቶ ያውቃል? ማታ ተሰቅሎ ያደረ ጣሳ በዚያን ሰዓት ከወረደ እቤቱ ሐዘን ገብቷል ማለት ነው። መጀመሪያ ያየችው ውሃ ቀጂ ለጎረቤቷ ነገረች፣ ጎረቤቷ ለሌላዋ። ፀሐይ ሳትወጣ ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ሴትዮዋ ደጅ ደረሰ። ከሁሉ ፊት ደረቷን እየደቃች፣ "ወይኔ እኅቴን! አንድ ለናቱ!" እያለች የምታለቅሰው ደግሞ እናቴ ነበረች።

ሴትዮዋ ሊጥ እጇ ላይ እንዳለ ብቅ አለች። እኛን አየች፣ ነጠላውን አየች፣ መርዶ መሰላትና "ልጄን!" ብላ ወደቀች። ሰዉ ግራ ገባው። "ኧረ እኛ ምንም አልሰማን! ጣሳዎ ወርዶ ብናይ ነው እንጂ!" ቢሏት ማን ይስማ።

"ትደብቁብኛላችሁ" አለች። "እናንተ ሰምታችኋል፤ ከኔ ትደብቃላችሁ።"

አንዱ ነፋስ ነው አለ፣ አንዱ ጅብ ነው አለ። እኔ ከእናቴ ጀርባ ቆሜያለሁ። አንድ ቃል ብናገር ያበቃ ነበር፤ አልተናገርሁም። ረፋድ ላይ ሴትዮዋ ስንቅ ቋጥራ ቤቷን ቆልፋ ልጇን ፍለጋ ወጣች። ገበያተኛው ሁሉ እኛ ቤት ገባ። መደባችን ሞላ። የተመኘሁትን አገኘሁ፣ ግን ማንቆርቆሪያውን አስቀመጥሁትና ተከትያት ሮጥሁ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ወንዝ ዳር ደረስሁባት።

"እትየ፣ ልጅዎ አልሞተም። ጣሳውን ያወረድሁት እኔ ነኝ።"

"ማን ላከሽ?"

"ማንም። ሰዉ እኛ ቤት እንዲገባ ብዬ ነው።"

ጥፊዋን ስጠብቅ ዓይኔን ጨፈንሁ። ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው።

"ምቀኝነት ነው? ምቀኝነት ብቻ? ሌላ የሰማሽው የለም?"

"የለም እትየ።"

"ተመስገን!" ብላ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ እጄን ሳይቀር ሳመችኝ። እያለቀሰች ትስቃለች። "ምቀኛ አታሳጣኝ የሚሉት ለካ እውነታቸውን ነው!"

እንግዲህ ይመለሱ ብላት እንቢ አለች። "ከወጣሁ አይቀር ዓይኑን አይቼው ልምጣ። ይኸውልሽ ቁልፉ፤ ጠላው እንዳይሆምጥ ሽጭልኝ።"

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰች፤ ልጇ ደኅና ነበር። ያደረግሁትን ለአንድ ሰው እንኳ አልተነፈሰችም።

ዛሬም የሚመጣብኝ ግን የወንዙ ዳር ነው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ውሃውን ተሻግራ ዳገቱን ሩጫ በሚመስል እርምጃ ተያያዘችው። ያን ጊዜ በደንበኞቿ አልቀናሁም። አይቼው በማላውቀው በዚያ ተማሪ ልጇ ቀናሁ። እኔ ብጠፋ እናቴ በገበያ ቀን ጠላዋን ትታ እንዲህ ትወጣ ይሆን? ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ማታ እናቴን ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፈራሁ። ሳልጠይቃት ሞተች።