ብስክሌት ያዘለው ላንድሮቨር

ፀዳለን አንድ ተራ ቀን የሚያስወጣት ይህን ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ከቦኖ የምታመላልሰው ሁለት ባልዲ ውኃ፣ ከአዳማ እስከ ዓለም ጤና ከተማ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገጫገጭ፣ ከዚያ ወዲያ መኪና የማይሻገረው የመስኖ ቦይ አለና የክትባት ሣጥን በትከሻ ይዞ የሁለት ሰዓት እግር መንገድ፣ ሲመለሱም ያው ሁለት ሰዓት። በዚህ ላይ በየሦስት ወሩ አንድ ሸራ ጫማ።

ይህን ሁሉ ብትከፍል ቅር አይላትም። ቅር የሚላት የጉዲቱ ነገር ነው። የሰባት ወር ልጇ ጉዲቱ እናቷ እስክትመለስ ሦስቴ መጥባት ሲገባት አንዱንም አትጠባም። ፀዳለ ከመሸ ስትገባ ጡቷ ጠጥሮ፣ ሸሚዟ ርሶ ነው። ልጅቷ ደግሞ በጎረቤቷ በእትዬ ሸዋወርቅ ጭን ላይ አልቅሳ ሲደክማት ተኝታለች።

በክትባት ሠራተኝነት የተቀጠረችበት የአዳማው ክሊኒክ ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበሩም። ስትነጫነጭ ሰምተው፣ «ጓድ ፀዳለ፣ ወይ ልጅሽን ጡት አስጥያት፣ ወይ ካርድ ክፍል ግቢ። እስከ ወሩ መጨረሻ አስቢበት» አሏት። ካርድ ክፍሉ ጥላ ነው፣ ወንበርም አለው። ግን ከቦዩ ማዶ ያሉ እናቶች ሣጥኑን ከሩቅ ሲያዩ ልጆቻቸውን ይዘው የሚወጡት የያዘችውን ሰው ስለሚያውቋት ነው። ያንን ለማን ትተወው?

ፀዳለ ዓይኗን ሳትጨፍን ሕልም ማየት ትችላለች። አንድ ቀን ጠዋት ቆቃ ላይ፣ ሐይቁ ገና ከጭጋጉ ሳይላቀቅ፣ በመኪናው መስኮት እያየች የባሏ የፈይሳ ብስክሌት ውኃው ላይ ስትንሸራተት ታየቻት። ፈይሳ የባቡር ሠራተኛ ነው፤ ግማሹን ወር ድሬዳዋ መስመር ላይ ስለሚያሳልፍ ብስክሌቷ ቤት ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ አቧራ ትጠጣለች። ብስክሌቷ ቦዩ ጋ ብትደርስ የሁለት ሰዓቱ እግር መንገድ አርባ አምስት ደቂቃ ይሆናል። ግን በምን ትድረስ? የክሊኒኩ ላንድሮቨር ውስጡ ሰውና ሣጥን፣ ጣሪያው ላይ ያለው ፖርቶ መጋላ በርሜልና ትርፍ ጎማ ነው። የቀረው ኋላው ብቻ ነው።

ዕድል ሆኖ በዚያው ሳምንት ከበላይ አንድ ደብዳቤ መጣ። መኪናው አልፎ አልፎ የውኃ ታንከር እንዲጎትት ከኋላው መጎተቻ ይገጠምለት ይላል። ሾፌሩ ጋሽ አብተው ቅዳሜ ጠዋት መኪናውን ይዘው ወደ በያጁ ወደ መሐመድሰዒድ ጋራዥ ሲሄዱ፣ ፀዳለም ብስክሌቷን እየገፋች ተከተለቻቸው።

መሐመድሰዒድ ከመኪናው ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነበር። «ፋብሪካው ቀዳዳውን ትቶልናል» አለ ከታች። «መብሳት የለም። አራት ቡሎን አስገብቶ ማጥበቅ ነው።»

«የብስክሌት መስቀያም ጨምርበት» አለች ፀዳለ።

«ደብዳቤው ላይ አለ?»

«የለም።»

«እህቴ፣ የመንግሥት መኪና ላይ ያልተጻፈ ነገር ከበየድኩ እኔንም አብረው ይበይዱኛል።»

«አይዞህ» አሉ ጋሽ አብተው፣ «በያጁ እንዳንተ ያለ ከሆነ ሞጆ ሳትደርስ ትላቀቃለህ።»

ፀዳለ አጎንብሳ ወደ ሥር አየችው። «መኪናው ላይ አትበይድ። መጎተቻው ተፈቅዷል አይደል? መጎተቻው ላይ የሚሰካ፣ ሲያስፈልግ የሚነቀል ሥራልኝ። ተሳቢ በተቀጠለ ቁጥር ደብዳቤ ይጻፋል እንዴ?»

መሐመድሰዒድ ፊቱ ዘይት እንደተቀባ ወጣና አያት። ከዚያ አንድ አሮጌ የአልጋ ብረት ፍለጋ ወደ ጓሮ ሄደ።

እስከ አራት ሰዓት መጎተቻው ታሰረ፤ መስቀያውም ቆመ። ቀጥ ያለ ምሰሶ፣ ወደ ኋላ የተዘረጉ ሁለት ረጃጅም ክንዶች። የብስክሌቷ ፔዳል የመኪናውን ቀለም እንዳይፍቅ ብሎ ነው ያስረዘማቸው። ብስክሌቷን ጫፉ ላይ ሰቅለው ወደ ወንጂ መንገድ ለሙከራ ወጡ። አስፋልቱ ላይ ደህና ነበረች። ፒስታው ላይ ሲገቡ መወዛወዝ ጀመረች፤ ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ ብየዳው ተሰነጠቀና ብስክሌቷ ከነክንዱ አቧራው ላይ ተዘረጋች። መሪዋ ተጣመመ።

ጋሽ አብተው ወርደው ብስክሌቷን ከነክንዱ መኪናው ውስጥ ከተቱ። መሐመድሰዒድ የተሰነጠቀውን ብየዳ በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ተመለሰ።

ጋራዡ በር ላይ እትዬ ሸዋወርቅ ጉዲቱን ይዘው ቆመዋል። ቅዳሜ ስለሆነ እናቷ ታጥባት ብለው ነው የመጡት። ፀዳለ ብረት ቁልል ላይ ተቀምጣ አጠባቻት፣ ከዚያ ተነሥታ በአንቀልባ አዘለቻት። ማሰሪያውን ደረቷ ላይ ስታጠብቅ ድንገት እጇ ቆመ።

«መሐመድሰዒድ፣ ልጅ በተዘረጋ ክንድ ይዘህ ሞጆ ትደርሳለህ?»

«ክንዴ ይገነጠላል።»

«እንግዲህ እየኝ» ብላ ጀርባዋን ሰጠችው። «ከታች ቂጧን የሚደግፍ አለ፣ ከላይ የሚያስር አለ። መሐል ላይ ክፍተት የለም። ብሮጥ እንኳ አብራኝ ትሮጣለች እንጂ አትወዛወዝም።»

መሐመድሰዒድ የልጅቷን ደረትና የእናቷን ጀርባ ትክ ብሎ አየ፤ መሐላቸው መዳፍ አያስገባም። ጠመኔውን አነሣ። ክንዶቹን ቆረጣቸው። ከታች ሁለቱ ጎማዎች የሚቀመጡበት እንደ ገንዳ የተጎደጎደ ብረት አስገባ፣ ከላይ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቀደደ ቀበቶ አደረገ፣ ለቀለሙ ደግሞ ጆንያ ጠቅልሎ ደገፈው። መሪዋን ግን ጋሽ አብተው ራሳቸው ጉልበታቸው መሐል ይዘው አቀኑት።

«ስሙን ምን እንበለው?» አለ በያጁ።

«አንቀልባ» አሉ እትዬ ሸዋወርቅ፣ ሌላ ስም ሊኖረው ይችላል ብለው ሳያስቡ።

ሰኞ ጠዋት ፀዳለ ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ ተቀመጠች። በኋላው መስታወት የብስክሌቷ የፊት ጎማ ክብ ይታያል፤ በቀጫጭን ሽቦዎቹ መሐል አዳማ አነሰች፣ ሞጆ አለፈች፣ ቆቃ ሐይቅ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ተቆራርጦ ገባ። ግራሮቹ አንድ በአንድ በክቡ ውስጥ እየገቡ ይወጣሉ። መኪናው ሳይሆን አገሩ የሚሄድ መሰላት። ጉዲቱ አድጋ፣ እግሯ ፔዳሉ ላይ ደርሶ፣ ነጠላዋ ከኋላ እየተንሳፈፈ በውኃው ዳር ስትነዳ አየቻት። ወዴት እንደምትሄድ አልጠየቀቻትም።

ዓለም ጤና ሲደርሱ ፀዳለ የመንደሮቹን ዝርዝር ልትቀበል ገበሬ ማኅበሩ ቢሮ ገባች። ስትወጣ ብስክሌቷ ግራር ተደግፋለች። አንቀልባው ላይ የማዳበሪያ ጆንያ በብስክሌቷ ማሰሪያ ላስቲክ ታስሯል። መጎተቻው ላይ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ምሰሶውን ይዘው ቆመዋል፤ ስማቸው አባባ ኢተፋ ነው።

«አካም ቡልቴ፣ ልጄ፤ እንዴት አደርሽ» አሏት ረጋ ብለው።

«አባባ፣ ይህ የብስክሌት ቦታ ነው።»

«ብስክሌቷማ ሁለት እግር አላት። እኔ በዚህ ጉልበቴ ቆሜ እሷ ትታዘላለች?»

ዙሪያውን የቆመው ሰው ሳቀ። ጋሽ አብተውም መሪያቸው ላይ ተደፍተው ትከሻቸው ተነቃነቀ። ፀዳለ ሰዓቷን አየች፤ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ነው።

«የሰባት ወር ልጅ አለችኝ፣ አባባ። ይህቺ ብስክሌት ቦዩ ጋ ካልደረሰች ልጄ ጡት መጣሏ ነው። ወይም እኔ ወደ እናንተ መምጣቴ ይቀራል።»

ሽማግሌው ወረዱ። ላስቲኩን በእጃቸው እየፈቱ፣ «እንዲህ ነዋ የሚባለው» አሉ። «እኔ የመንግሥት ብረት ብቻ መስሎኝ ነው።»

ጆንያው ከፀዳለ እግር ሥር ገባ፤ ሽማግሌውም ከሣጥኖቹ አጠገብ ተጣበው ተቀመጡ። ቦዩ ጋ ሲደርሱ አባባ ኢተፋ፣ በላዩ የተጋደመውን የግንድ ድልድይ ፀዳለን ብቻዋን አላሻገሯትም። የብስክሌቷን መሪ ከፊት ይዘው፣ እሷ ከኋላ ኮርቻውን ደግፋ፣ እንደ ሙሽራ አሳለፏት።

ያን ቀን ፀዳለ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳማ ነበረች። ጉዲቱ ከቀን እንቅልፏ ገና መንቃቷ ነው። መጀመሪያ እንደማታውቃት ትክ ብላ አየቻት፣ ከዚያ ሸሚዟን በሁለት እጇ ያዘች። በወሩ መጨረሻ የካርድ ክፍሉን ወንበር ሌላ ሰው ተቀመጠበት።

የቀረ አንድ ችግር አለ። ያ ብረት ለዓይን መቆሚያ ይመስላል፤ ከሞጆ እስከ መቂ ያለ መንገደኛ ሁሉ ጆንያውን ሊሰቅልበት፣ ራሱም ሊቆምበት ይመኛል። ማውረዱና ማስረዳቱ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይበላል፤ ግማሽ ሰዓት ለጉዲቱ ብዙ ነው። ስለዚህ ፀዳለ ይህን ለሚያነብ ሰው አንድ ነገር ትለምናለች። በዚያ መንገድ ላይ ኋላው ብስክሌት ያዘለ አረንጓዴ ላንድሮቨር ቆሞ ካያችሁ፣ ወይም አንቀልባው ለጊዜው ባዶ ሆኖ ካገኛችሁት፣ እባካችሁ ምንም አትስቀሉበት። ዕቃ ካላችሁ በፊት በኩል ዞራችሁ ንገሯት፤ ውስጥ ጠጋ ጠጋ ይባላል።