ወተት የሚያሸት ወረቀት

እናቴ ጎንደር አራዳ አጠገብ ወተት ቤት ነበራት። ቤቱ ግን የቆመው በአፍንጫዋ ነበር። ገበሬዎች ከማክሰኝት መንገድ በጠዋት መኪና ወተት ሲያመጡላት ክዳኑን ከፍታ አንዴ ጎንበስ ትላለች፤ ቀና ስትል ፍርዱ አልቋል፣ ይግባኝ የለም። ደንበኞች ይህን ለማየት ሲሉ በዚያ ሰዓት ይመጡ ነበር። እሷ ያላሸተተችውን ወተት ለልጁ የሚሰጥ ሰው በሰፈራችን አልነበረም።

አንድ ክረምት ጉንፋን ያዛት። ጉንፋኑ ለቀቃት፤ ማሽተቷን ግን ይዞት ሄደ። ሽንኩርት ሲያር እንኳ አይሸታትም። ለእኔ ብቻ ነገረችኝና ሆድ ይፍጀው አልን፤ ወሬው ከወጣ ወተት ቤቱ ይዘጋል። እንዳልረዳት የእኔ አፍንጫ ወተትን ከእርጎ የሚለየው እርጎ ከሆነ በኋላ ነው። እሷም በየጠዋቱ እንደ ወትሮው ጎንበስ ትላለች፣ ምንም ሳይሸታት ቀና ብላ "ይሁን" ትላለች። እኔ ከጀርባዋ ቆሜ የደንበኞቹን ፊት እሰልላለሁ።

በዚህ መሃል ነው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው የጎረቤታችን ልጅ ሳንቲም የሚያካክሉ ቢጫ ወረቀቶች ይዞ የመጣው። ወረቀቱ ከወተት ዕቃ ክዳን ስር ይለጠፋል፤ ወተቱ መበላሸት ሲጀምር ጠረኑን ይዞ ይቀላል። ፈረንጅ አገር በምግብ ማሸጊያ ላይ እንደሚለጠፍ ነገረንና እዚህ ልሞክረው አለ።

እናቴ በሰው ፊት ሳቀችበት። "ላም አለኝ በሰማይ! ደግሞ ወረቀት ወተት ሊያሸት?" አለችው። እሱ ሲወጣ ግን ወረቀቶቹን በሻሿ ጫፍ ቋጥራ "አላህ ነው የላከልኝ" አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"የልጁ ሙከራ ነው" ብላ ወረቀቶቹን ለገበሬዎቹ አደለቻቸው። ከሁሉም የምታምነው ከሙሽርነቷ ጀምሮ ወተት የሚያመጡላትን አንድ ሽማግሌ ነበር። በማግስቱ የእሳቸውን ክዳን ስትከፍት ወረቀቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል።

"አያ፣ ይኸ ተበላሽቷል፤ ይመልሱት" አለች። ጎንበስ ማለትን ረስታለች።

ሽማግሌው በክዳኑ ቀድተው ጠጡና ጢማቸውን ጠረጉ። "ሸጋ ወተት ነው በእመብርሃን! ምነው ልጄ፣ ሳታሸቺው?"

ደንበኞቹ ተያዩ። እናቴ ጎንበስ አለች፤ ግን ዘግይታለች፣ ዓይኗም ከወረቀቱ ላይ አልተነሳም። ሽማግሌው ይህን አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ልክ ነሽ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አሉና ዕቃቸውን ዘግተው ወጡ።

የሚያስቀው የሌሎቹም ሁሉ ቀልቶ ነበር። በወረቀቱ ፍርድ በዚያ ጠዋት አገሩ ውስጥ አንድ ደህና ላም አልተገኘም። የጎረቤታችን ልጅ መጥቶ ሲያጣራ ነገሩ ተገለጠ። እኛ ዘንድ የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ ሳይታጠን ወተት አይገባበትም፤ ወረቀቱ ደግሞ ጭሱን እንደ ብልሽት ቆጥሮታል። "እትዬ፣ ማጠኑ ቢቀርስ?" አላት። ቀረ። ወረቀቱም ቢጫ እንደሆነ ዋለ፤ ደንበኞች ግን "ወተቱ ውሃ ውሃ ይላል፣ ሴትዮዋ ደክማለች" እያሉ ወደ ሌላ ቤት መሄድ ጀመሩ። ወይራው ተመለሰ። የተረፉትን ወረቀቶች የእህቴ ልጆች ግንባራቸው ላይ ለጥፈው ተጫወቱባቸው።

ሽማግሌውም ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ከሁሉም ቀድመው ይደርሳሉ፤ "ውሃ ጠማኝ" እያሉ ከየገበሬው ዕቃ ይጎነጫሉ። ረቡዕና አርብ ጾም ስለሆነ አፍንጫቸውን ብቻ ያስጠጋሉ። "ሸጋ ነው" ካሉ እናቴ ጎንበስ ብላ "ይሁን" ትላለች። ስለ ነገሩ ሁለቱም አንድ ቃል ሲተነፍሱ አልሰማሁም።

አንድ ቅዳሜ የራሳቸውን ወተት ቀመሱ። ወደ እናቴ ጆሮ ጠጋ ብለው "የኔን አትውሰጂው" አሏት።

እናቴ ጎንበስ አለች፤ ፊቷን አጨማደደች። "አያ! ይኸን ነው ወተት የሚሉኝ?" ብላ በደንበኞቹ ሁሉ ፊት ጮኸችባቸው።

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። "ይቅር በይኝ ልጄ፤ ያንቺን አፍንጫ ማን ያታልለዋል" አሉና ወተታቸውን ተሸክመው ወጡ። ከወረፋው አንዷ ሴት በአድናቆት ከንፈሯን መጠጠች። እናቴ የሚቀጥለውን ክዳን ሳትከፍት፣ እሳቸው የወጡበትን በር እያየች ቆመች።